የሰማህ ላልሰማ አሰማ፦ አደባባዩ፣ ሙዚቃውና ያልተጠየቀው ጎረቤት

ባለፈው ዓመት በአንድ የበዓል ዋዜማ ምሽት ከመስቀል አደባባይ በስተደቡብ፣ ቂርቆስ ሰፈር በሚገኘው በአክስቴ ቤት አደርኩ። እራት በልተን ቡና ሊፈላ ሲል የቡፌው መስታወት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከአደባባዩ የሚመጣው የከበሮና የቤዝ ድምፅ ነበር። አክስቴ ምንም ሳትናገር ተነሣች፤ ቡፌውን ከፈተችና በስኒዎቹ መካከል የተጣጠፈ ጨርቅ ሸጎጠች። ከእጇ ቅልጥፍና ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ገባኝ። «ያስቸግርሻል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና «እኔ ዘፈን አልጠላም ልጄ፤ ግን እንግዳ እንኳን ሰው ቤት ሲገባ ‘ቤቶች!’ ብሎ ነው» አለችኝ።

ሙያዬ ታሪክ ማስተማር ነውና ይህች ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። አዲስ አበባ መሐሏ ላይ ከሰማይ በታች ሙዚቃ መስማት ከጀመረች ቢያንስ መቶ ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ መቶ ዓመታት ውስጥ «ቤቶች!» ብሎ የገባ አለን? ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዤ ከውድ አንባብያን ጋር ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ እፈልጋለሁ። ጉዳዩ ተራ የጩኸት ስሞታ አይደለም፤ ከተማው የማን ነው የሚል ጥያቄ አለበት።

ከነጋሪት እስከ ናስ ባንድ

በአገራችን የአደባባይ ድምፅ ከጥንት ጀምሮ የሥልጣን ድምፅ ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ይጀምራል። ይህን ቀመር ልብ ብለን ስናጤነው የነዋሪው ድርሻ ሁለት ብቻ ነው፤ መስማትና ማሰማት። መመለስ የለበትም። አቤት ባይ ነበር፤ ሙግትም ነበር፤ ነገር ግን አቤቱታ የሚሰማው በችሎት ነው እንጂ ነጋሪቱ በሚጎሰምበት ስፍራ አይደለም።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። በታሪካችን «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነዚህ ናቸው። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት የናስ ባንድ ሆኑ፤ ናልባንዲያን የደረሰው የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙርም በጥቅምት 1923ቱ የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ። የዜማው ዓይነት ተለወጠ፤ የነጋሪቱ ሥርዓት ግን አልተለወጠም። ባንዱ የሚቀበለው መንግሥትን ነው፤ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ያያል።

ልዩ ሆኖ የሚታየኝ የ1927ቱ ሙከራ ነው። ጣሊያን ወረራውን ሲዶልት መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ መጀመሪያ አዳራሽ አልነበረውም፤ ሕዝቡን በምኒልክ አደባባይ እየሰበሰበ በአዝማሪ ዜማና በንግግር ለመጪው ጦርነት ያነቃቃ ነበር። ዓላማው ያው የመንግሥት ቢሆንም መንገዱ ሌላ ነበር። አዝማሪ የሰሚውን ፊት እያየ የሚዘፍን፣ «ተቀበል!» ሲሉት የሚቀበል፣ ግጥም ከተመልካች የሚወስድ ባለሙያ ነውና፣ ለአጭር ጊዜ ቢሆንም አደባባዩ ሁለት አፍ ኖሮት ነበር ማለት ይቻላል። ከነፃነት በኋላ ሀገር ፍቅር ቤት አገኘ፤ ኪነቱም ጣሪያ ስር ገባ።

በስም ጥሪ የምንሰማው ሙዚቃ

የእኔ ትዝታ የሚጀምረው ከአብዮት አደባባይ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የመስቀል አደባባይ በዚህ ስም ተጠራ፤ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች ከፍ ብለው ተሰቀሉበት። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ከሕዝብ ፊት የከሰከሱት እዚያው ነው። ከዚያ የተከተለውን ታውቃላችሁ። በ2002 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከአደባባዩ ጥግ መቆሙም ያለ ምክንያት አይደለም።

መስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ካዛንቺስ ነበር። ከበዓሉ በፊት ለብዙ ቀናት የልምምዱ ከበሮና የማርሽ ባንዱ ድምፅ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ እኛ ልጆቹ መንገድ ላይ እግራችንን እያነሣን እንሰለፍ ነበር። ለእኛ ጨዋታ ነበር። ለአባቴ ግን የስም ጥሪ ነበር። ቀበሌው መዝገብ ይዞ «ማን ወጣ፣ ማን ቀረ» ይላል፤ የቀረ ሰው ደግሞ የስኳሩንና የዘይቱን ኩፖን ከሚሰጠው ከዚያው ቀበሌ ጋር ነው ጉዳዩ። አባቴ እግሩን ያመው ነበር፤ ቢሆንም ወጣ። በዚያው ሰሞን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሕዝብ በረሃብ ያልቅ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የዚያ ዘመን ሌላው ገጽ ሰዓት እላፊ ነው። አደባባዩ ቀን ቀን በግድ ሲሞላ ሌሊቱን ከተማው በሙሉ ተቆልፎ ያድር ነበር። የምሽት ሙዚቃ ወደ ሆቴሎች ውስጥ ገባ፤ ሰዓት እላፊው ከደረሰ ወደ ቤት መመለስ ስለማይቻል ባንዱም ታዳሚውም እዚያው ያነጋ ነበር። እንግዲህ የእኔ ትውልድ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ነው ያደገው፤ ከሰማይ በታች ያለ ሙዚቃ ግዴታ ነው፤ ነፃ ሙዚቃ ደግሞ በሩ የተዘጋ ነው።

የ1997 ጥር

ይህን ሰንሰለት የበጠሰልኝ አንድ ምሽት ነው። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር እዚያ ነበርኩ። ባለቤቱ ሪታና ልጆቹ በመድረኩ ላይ ነበሩ፤ ከአፍሪካም ስመ ጥር ድምፃውያን መጥተው ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ደረጃዎቹን ሞልቶ ወደ ጎዳናው ፈሰሰ። መግቢያው ነፃ ነበር፤ ስም የሚጠራም አልነበረም። ያን ያህል ሕዝብ ማንም ሳያስገድደው መጥቶ በሰላም ሲበተን ማየት ለእኔ አዲስ ነገር ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ሚያዝያ 29 ቀን የገዢው ፓርቲ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቀን ደግሞ የቅንጅት ሰልፍ በዚያው አደባባይ ተካሄደ። የሁለተኛውን ቀን ያየ ሰው አይረሳውም። ከዚያ በኋላ የሆነው የምርጫው ታሪክ በመሆኑ እዚህ አልገባበትም። ልል የምሻው በእነዚያ ወራት የአዲስ አበባ ሰው አደባባዩን ሳይጠራ የሚመጣበት ስፍራ አድርጎ ማየት መጀመሩን ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የታላቁ ሩጫ መነሻ መሆኑም፣ ማለዳ ማለዳ ወጣትና ሽማግሌ ደረጃውን እየሮጠ መውጣት መውረዱም ለዚህ ስሜት አስተዋፅኦ አድርጓል።

ነገር ግን ሐቁን ልናገር። በዚያ የጥር ምሽት እኔ መድረኩ ፊት ስጨፍር ከአደባባዩ ጀርባ ሕመምተኛ ያስተኛ፣ ሕፃን ያቀፈ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተነሥቶ ሥራ የሚገባ ሰው እንዳለ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ነፃነት የመሰለኝን ምሽት ሌላው እንዴት እንዳሳለፈው አልጠየቅሁም። ስለዚህ ዛሬ ሌሎችን ስወቅስ ራሴንም ጨምሬ ነው።

አዲሱ አደባባይ

አደባባዩ ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ከመሬት በታች ከአንድ ሺህ በላይ መኪና የሚይዝ ማቆሚያ፣ ከላይ ግዙፍ ስክሪኖች፣ ፏፏቴና መብራት ተገጠመለት። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጳጉሜን 2012 የወዳጅነት አደባባይ ተመርቆ ነበር፤ የካቲት 2016 ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከነሰፊ ግቢው ፒያሳ ላይ ተከፈተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የከተማዋ መሐል ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው፣ ሙዚቃ ሊዘጋጅባቸው የሚችሉ ስፍራዎች አገኘ። ማማራቸውን አልክድም፤ ምሽት ላይ ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ፤ ወድጄዋለሁም።

ከአክስቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ግን በአደባባዩ ዙሪያ የሚኖሩና የሚሠሩ አሥር ያህል ሰዎችን አነጋገርኩ። ጥናት ሠራሁ አልልም፤ ጨዋታ ነው። የሰማሁትን በታማኝነት ላቅርብ።

ጀበና ቡና የምታፈላ አንዲት ወጣት ዝግጅት ያለበት ምሽት ገበያዋ የሳምንት ያህል እንደሆነ ነገረችኝ። ቅሬታዋ ከጩኸቱ ጋር አይደለም፤ አደባባዩ ካማረ ወዲህ ጠርዙ ላይ መቀመጥ ስለተከለከለ ወደ ውስጥ መንገድ መሸሿ ነው። «ሰው የሚመጣው እዚያ፣ እኔ ያለሁት እዚህ» አለችኝ።

አንድ ጡረተኛ መምህር ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒት ወስደው ነው የሚተኙት። «የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም ድምፅ ማጉያ እሰማለሁ። እነሱም ይጮሃሉ፤ አልዋሽም። ግን ሰዓታቸውን አውቃለሁ። ይኼኛው መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያበቃ የሚነግረኝ የለም» አሉኝ። ከሁሉም የበለጠ የነካኝ ይህ ነው። ሰው ከድምፁ ይልቅ ያደከመው አለማወቁ ነው።

አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ተቃራኒውን ነገረኝ። «ሌላ ሰፈር ያለ ሰው ታክሲ ከፍሎ የሚያየውን እኛ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ነው የምንሰማው፤ ይሄም ይቅርብን?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ለወጣት የሚሆን ነፃ መዝናኛ በሌለበት ከተማ ይህን ጥያቄ በንቀት ማለፍ አይቻልም።

አንዲት እናት ግን ጉዳዩን ከእምነት አንጻር ነው ያዩት። መስከረም 16 ደመራ በሚለኮስበት ስፍራ ዓለማዊ ዘፈን መሰማቱ ያሳዝናቸዋል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡንም ያውቃሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አደባባዩ «የእኛ ነው»፣ «የሁላችንም ነው» በሚሉ ወገኖች መካከል ምን ያህል እንዳከራከረ፣ የጎዳና ኢፍጣርና የወንጌላውያን ጉባኤ ሲታሰብ ከተማው ምን ያህል እንደተወጠረ አንባቢ ያስታውሳል። ያ ክርክር የሃይማኖት ብቻ መስሎ ታየን እንጂ ሥሩ ይኸው ነው። ሁሉም የሚያውቀው የተራ ሕግ በሌለበት ስፍራ እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ተራ እንደ መነጠቅ ያየዋል።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕግ የለንም እንዳይባል አለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና ንዝረትን በስም ይጠራል፤ መለኪያውም መልካም ጉርብትና ነው። የአክስቴን ቡፌ የሚያንቀጠቅጠው ነገር በሕጉ ውስጥ በስሙ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣ ደንግጓል። በወጣው ደረጃ መሠረት የመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ የንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይጠበቃል።

የፊዚክስ ባልደረባዬ እንዳስረዳኝ ዴሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል። መሰናክል በሌለበት ሜዳ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ብቻ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመድረክ በ10 ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል የሆነ ሙዚቃ 320 ሜትር ርቆም 70 ያህል ነው። ከሌሊቱ ወሰን በ25 በልጧል። ግድግዳና ፎቅ የተወሰነውን ይመልሱ ይሆናል፤ የቤዙ ድምፅ ግን በጭቃ ቤት ግድግዳ በቀላሉ ያልፋል።

ሕጉ ካለ ታዲያ ምን ጎደለ? የሚጠይቅ ሰው ጎደለ እላለሁ። ነዋሪው አቤቱታውን የት እንደሚያቀርብ አያውቅም። ቢያውቅም ድምፁ ከመንግሥት፣ ከእምነት ወይም ከታዋቂ ድርጅት የመጣ ከሆነ አቤት ማለቱ እንደ ተቃዋሚነት፣ እንደ ከሃዲነት ወይም እንደ ምቀኝነት ይቆጠርብኛል ብሎ ይፈራል። የነጋሪቱ ዘመን ልማድ ዛሬም በውስጣችን አለ፤ አደባባይ ሲናገር ጎረቤት ዝም ይላል።

የሚጠየቀው ሰው የት አለ?

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ላንሣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል። የተወለድኩበት ቤት ዛሬ የለም። አብሮ አደጌ ከእናቱ ጋር በከተማዋ ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፤ ውኃም መጸዳጃም በቤት ውስጥ አለው፤ እሱም ይህን አይክድም። በስልክ ሳጫውተው «እዚህ ሌሊቱ ጭር ያለ ነው። እማዬ መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ አላት። የደመራውን ሆታ፣ የሰልፉን፣ የኮንሰርቱን ሁሉ ከአልጋዋ ሆና ነበር የምትሰማው። አሁን የሚሰማት ውሻ ብቻ ነው» አለኝ።

ይህን ስሰማ ሙግቴ ሁሉ ተናጋ። ስለ ጩኸት ልጽፍ ነበር የተነሣሁት፤ ጩኸቱን የሚናፍቅ ሰው አገኘሁ። እነዚያ እናት አምሳ ዓመት ከአደባባዩ አጠገብ ኖረዋል። የደርግን ማርሽ ታግሰዋል፤ የቦብ ማርሌይን ምሽት ሰምተዋል፤ የ1997ቱን ሰልፍ ከደጃቸው አይተዋል። አደባባዩ ሲያምር ግን እሳቸው ጎረቤት አልሆኑም። የመሐል ከተማ መድረክ ዙሪያው የቢሮ ሕንፃና ሆቴል ብቻ ከሆነ፣ በእርግጥ የሚረበሽ አይኖርም፤ ስሞታም አይሰማም። ያን ጊዜ ችግሩ ተፈታ እንል ይሆን? እኔ አልልም። ጎረቤት የሌለው አደባባይ ደርግ በስም ጥሪ ከሚሞላው ሜዳ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ሰው የሚመጣው ሲጠራ ብቻ ይሆናልና።

ስለዚህ ኮንሰርቱ ይቅር አልልም። በሰዓት እላፊ ዘመን ያደገ ሰው ይህን አይልም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአደባባዩ የሚካሄድ ማናቸውም ዝግጅት ከነመጀመሪያና ከነማብቂያ ሰዓቱ አስቀድሞ በይፋ ይገለጽ፤ ጡረተኛው መምህር መቼ እንደሚተኙ ይወቁ። ሁለተኛ፣ የድምፁ መጠን በጎረቤቱ መስኮት ላይ ይለካ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። ሦስተኛ፣ ደንቡ ለመንግሥት ሰልፍም፣ ለቤተ እምነት ጉባኤም፣ ለነጋዴ ኮንሰርትም አንድ ይሁን፤ ሲወጣም በዙሪያው የቀሩት ነዋሪዎች፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጭምር፣ ይጠየቁ። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ለግንባታው ቢሊዮን ያላነሰን ከተማ ለጥያቄ አያንስም።

በማግስቱ ጠዋት ከአክስቴ ቤት ስወጣ ቡፌው ክፍት ነበር። ጨርቁን ከስኒዎቹ መካከል እያወጣች ታጥፋለች። «ጣይው፣ ዛሬ ጸጥ ብሏል» አልኳት። «ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው» አለችኝና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ቸር ያሰማን።